የቫይረሱ መራጭነትና የእኛ መለኪያ

ቫይረስ የራሱ ራይቦዞም (ፕሮቲን የሚሠራው የሴል ማሽን) የለውም። ፕሮቲኑን የሚያሠራው በገባበት ሴል ነው፤ ስለዚህ ሴሉን ጨርሶ ሥራ ማስፈታት አያዋጣውም። የሴሉን መልእክት (የፕሮቲኑን አሠራር የሚነግረውን አር ኤን ኤ) አስቁሞ የራሱን ማሳለፍ አለበት። ሁሌም የሚገርመኝ ይህ መራጭነቱ ነው።

ፖሊዮን ልውሰድ። የሴሉ መልእክተኛ አር ኤን ኤ ጫፉ ላይ ካፕ የሚባል ቆብ አለው፤ ካፑን የያዘውን ፕሮቲን ከራይቦዞሙ ጋር የሚያገናኘው ኢአይኤፍ4ጂ የተባለው ፕሮቲን ነው። የቫይረሱ 2ኤ ኢንዛይም ይህን አገናኝ ለሁለት ይቆርጠዋል። የፖሊዮ አር ኤን ኤ ካፕ ስለሌለው ምንም አይጎድልበትም፤ በቀረው ቁራጭ ተጠቅሞ ራይቦዞሙን በራሱ መግቢያ ያስገባል። ኢንፍሉዌንዛ ደግሞ ካፕ ያስፈልገዋል፤ መሥራት ስለማይችል ይሰርቃል። ከቫይረሱ ፕሮቲኖች ፒቢ2 የሴሉን ካፕ ይጨብጣል፣ ፒኤ ከ10 እስከ 13 ኑክሊዮታይድ (የአር ኤን ኤ ፊደል) ዝቅ ብሎ ይቆርጣል፣ ፒቢ1 ከዚያች ቁራጭ ላይ የቫይረሱን መልእክት ይቀጥላል። ባሎክሳቪር የተባለው መድኃኒት የሚያግደው የፒኤን መቁረጫ ነው። የሳርስ-ኮቭ-2 (የኮቪድ-19 ቫይረስ) ፕሮቲን የሆነው ኤንኤስፒ1 መንገዱ ሌላ ነው፤ ጅራቱን መልእክቱ በሚያልፍበት የራይቦዞም ቦይ ውስጥ ይወትፋል።

ለእኔ ዋናው ጣጣ ግን ልኬቱ ላይ ነው። ሄርፒስ ሲምፕሌክስ ቪኤችኤስ የሚባለውን አር ኤን ኤ ቆራጭ ከነቅንጣቱ ይዞት ይገባል፤ የራሱ ዘረ-መሎች ሥራ ሳይጀምሩ የሴሉ መልእክቶች መርገፍ ይጀምራሉ። በኪውፒሲአር (የአር ኤን ኤን መጠን በሚለካው ዘዴ) ማመሳከሪያ የምናደርገው ጋፕዲኤች የተባለው የሴሉ ዘረ-መል መልእክትም ከሚረግፉት አንዱ ነው። ጋፕዲኤች ወደ ሩብ ከወረደ ሲቲው (ምልክቱ የሚታይበት ዑደት) በ2 ዑደት ይዘገያል፤ ያኔ ንቅንቅ ያላለ ዘረ-መል 4 እጥፍ የጨመረ ይመስላል። እንዲህ ያለ ግራፍ ያምራል፣ ግን ውሸት ነው። እኩል ቁጥር ያላቸውን ሴሎች ወስዶ፣ ገና ሲፈርሱ መጠኑ የታወቀ ባዕድ አር ኤን ኤ መጨመር ይሻላል። 18ኤስ የተባለው የራይቦዞም አር ኤን ኤም ያገለግላል፤ ነገር ግን የፖሊ-ኤ ጭራ ስለሌለው ወደ ዲኤንኤ መገልበጥ ያለበት ጭራውን በሚይዘው ኦሊጎ-ዲቲ ሳይሆን በየቦታው በሚጣበቀው ራንደም ሄክሳመር ነው።

የቫይረሱ መጠንም ያሳስታል። ለአንድ ሴል 1 ተላላፊ ቅንጣት ሲሰጥ 37 በመቶው ሴል ሳይያዝ ይቀራል፤ 0.1 ሲሆን 90 በመቶ ገደማው። በ5 ያልተያዘው ከ1 በመቶ በታች ነው። ያልተያዙት ሴሎች ኢንተርፌሮን (የተያዙት የሚልኩት የማስጠንቀቂያ ፕሮቲን) ሲደርሳቸው የሚሰጡት ምላሽ ከተያዙት ጋር ተደባልቆ ይነበባል፤ ቫይረሱ ምንም ያልዘጋ ይመስላል።

መልእክቱ በዝቶ ፕሮቲኑ ከጠፋ መልእክቱ ወደ ፕሮቲን ሲተረጎም መታገዱን መጠርጠር ነው። ሴሉ ከመሰብሰቡ 10 ደቂቃ በፊት ፒዩሮማይሲን (በመሠራት ላይ ባለ ፕሮቲን ላይ የሚለጠፍ ውህድ) በሚሊ ሊትር 10 ማይክሮ ግራም ያህል ጨምሮ በዌስተርን ብሎት (ፕሮቲንን በፀረ-እንግዳ አካል በሚያሳየው ዘዴ) ማየት ፈጣን ነው፤ የፕሮቲን ሥራን የሚያስቆመው ሳይክሎሄክሳማይድ የገባበት ናሙናም ለማነጻጸር ከጎኑ ይኑር። ሆኖም ፒዩሮማይሲን ሰንሰለቱን መሃል ላይ ስለሚቆርጠው የሚታየው ጭረት ጠቅላላውን መጠን እንጂ ፕሮቲኑ የማን እንደሆነ አይለይም። ለዚያ ሰልፈር-35 (ጨረር አመንጪ ሰልፈር) ያለበት ሜታዮኒን የተባለ አሚኖ አሲድ ያስፈልጋል፤ የሴሉ ፕሮቲኖች ሲደበዝዙ የቫይረሱ መስመሮች ጄሉ ላይ ተለይተው ይወጣሉ።