ኤላት ላይ የስኩባ አስተማሪ ስሆን ማንም ያልነገረኝ

ስኩባ የአየር ጋን ተሸክሞ ውሃ ውስጥ መጥለቅ ነው። የአስተማሪነት ወረቀቱን ማሟላት ያን ያህል አይከብድም። ፓዲ በሚባለው የጠላቂዎች ማሠልጠኛ ድርጅት በኩል ከሄዳችሁ መጀመሪያ ዳይቭማስተር፣ ማለትም ጠላቂዎችን የሚመራ ባለሙያ፣ ትሆናላችሁ። የአስተማሪነት ኮርሱን ትወስዳላችሁ፣ 100 ጊዜ የጠለቃችሁበትን መዝገብ ይዛችሁ ትፈተናላችሁ። ገንዘብና ትዕግሥት ካለ ያልቃል። እኔን ያንገበገበኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው።

በእስራኤሏ የቀይ ባሕር ከተማ ኤላት ውስጥ አንድ የመጥለቂያ ማዕከል ቀጠረኝ። ተማሪዎቼን ልቀበል ስወጣ አንድ ግዙፍ ሰውዬ ቦርሳውን አቀበለኝና "አስተማሪው መቼ ነው የሚመጣው?" አለኝ።

"አስተማሪህ እኔ ነኝ" አልኩት።

ከእግር እስከ ራሴ አየኝ። ቀጭን ነኝ፣ ጥቁር ነኝ፣ ሴት ነኝ፣ ጸጉሬ ሹሩባ ነው። ከደንበኛ ሲመጣ ይህን እችለዋለሁ። ያልቻልኩት ሥራ አስኪያጁን ነው። አጠገባችን ቆሞ እየሰማ፣ "ችግር የለም፣ ሌላ እንሰጥሃለን" አለው። "እሷም እንደ ሌሎቹ ተፈትና ነው ያለፈችው" ማለት ምን ያህል ይከብዳል? ከዚያ ወዲህ ልጆችና እሱ "ፈሪ ሴቶች" የሚላቸው ብቻ ይመደቡልኝ ጀመር። ለምን ስለው፣ "ድምፅሽን ጎርነን አድርጊ፣ ትንሽ ኮስተር በይ" ብሎ መከረኝ። እስካሁን ያናድደኛል።

ውሃ ውስጥ እኮ አፋችን መተንፈሻውን ነክሶ ነው ያለው! የምናስተምረው በእጅና በዓይን ነው። ተማሪ በብዛት የሚደነግጠው ጭምብሉ ውስጥ ውሃ አስገብቶ በአፍንጫው ወደ ውጭ እየተነፈሰ እንዲያስወጣ ሲጠየቅ ነው። ውሃው አፍንጫው ጋ ሲደርስ ወደ ላይ ልፈትለክ ይላል። ትንፋሹን ይዞ ከወጣ ሳንባው ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ልምምዱ ሳይጀመር የመጥለቂያ ጃኬቱን ይዣለሁ፣ ዓይኑን እያየሁ ነው፣ እጄ "ቀስ ብለህ ተንፍስ" እያለው ነው። ኮስታራ ፊት እዚህ ምን ይሠራል?

"ፈሪ" የተባሉት ሴቶች ፍርሃታቸውን የብስ ላይ ስለሚነግሩኝ ተዘጋጅቼ እገባለሁ። ያስቸገሩኝ ምንም አልፈራም የሚሉ ወንዶች ናቸው። አሁን ሁሉንም ለየብቻ እጠይቃለሁ። ሴት ስለሆንኩ ታጋሽ ነኝ እንዲባልልኝም አልፈልግም። ትዕግሥት የተማርኩት ሙያ ነው። ካየኋቸው ሁሉ ረጋ ያለው አስተማሪ ጺማም ወንድ ነው።

ለመጀመሪያው ኮርስ የፓዲ መመሪያ ባሕር ላይ ለአንድ አስተማሪ 8 ተማሪ ይፈቅዳል። እኔ ከ4 በላይ አልወስድም፤ የስምንት ሰው ዓይን በአንዴ አይታይም። ሹሩባ ስትሠሩ ግንባር ላይ የተረፈ ጸጉር አይኑር፤ ከጭምብሉ ጎማ ሥር ጸጉር ከገባ ውሃ ያስገባል። የጭምብሉ ማሰሪያ ጸጉር ስለሚነጭ በጨርቅ ሸፍኑት።

ሥራ ስትነጋገሩ ደግሞ፣ እህቶቼ፣ ከደመወዙ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፦ "ደንበኛ እሷን አልፈልግም ቢል ምን ትሉታላችሁ?" ቀጣሪው መልሱን ካድበሰበሰ አትፈርሙ። ኤላት ሌላም የመጥለቂያ ማዕከል አለ።