የጎረቤቴ ሲሊኮን

እኛ ሱሉልታ ላይ በርና ቁም ሳጥን ነው የምንሠራው። ጀልባ ያመጣብን አንድ የቆየ ደንበኛ ነው። ቢሾፍቱ ሐይቅ ላይ የምትንሳፈፍ፣ አራት ሰው የምትይዝ የኮምፔንሳቶ ጀልባ።

ጠዋት ጎረቤት አልሙኒየም ቤት ጎራ አልኩ። "ጋሼ፣ የሲሊኮን ሽጉጥዎን ያውሱኝ፤ ጀልባ ውሃ እንዳታስገባ ላሽግ ነው።"

"ከሰዓት አመጣልሃለሁ" አሉኝ።

ሽጉጡን የፈለግኩት ፖሊዩሪቴን ለሚባለው የማሸጊያ ማጣበቂያ ነበር፤ እሱም መጨረሻ ላይ ብሎኖቹ ሥር ነው የሚገባው። መጋጠሚያዎቹን የሚጠብቃቸው በእንጨት ዱቄት የተለወሰ ኢፖክሲ፣ ማለትም ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ የሚደርቅ ጠንካራ ሙጫ፣ ከላዩ ደግሞ ፋይበር ግላስ የሚባለው የመስታወት ክር ጨርቅ ነው። ይህን አልነገርኳቸውም። ለቅሶ ነበረብኝ፣ ሄድኩ።

ስመለስ ጀልባዋ ከውስጥ ታበራለች። መጋጠሚያው ዳር እስከ ዳር ነጭ ሲሊኮን። እጃቸውን መቼም አይንካብኝ፤ በጣት ተስቦ ክር የመሰለ ነው።

"ጋሼ፣ ምን አደረጉኝ?"

"ዘጋሁልህ! ሥራህ አይቁም ብዬ።"

"ሲሊኮን ላይ ኢፖክሲ አይዝም እኮ።"

ትንሽ አሰቡ። "ታዲያ ጥፋቱ የኢፖክሲው ነዋ! የኔማ ይዟል።"

ይቺ ንግግር እስከ ዛሬ ትከነክነኛለች። መልስ አጣሁላት።

በቢላ ላጥነው፣ በቲነር ጠረግነው፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈተግነው። መፈተጉ ጭራሽ አባሰው፤ ሲሊኮኑ ከመልቀቅ ይልቅ እንጨቱ ላይ ይታሻል። ለሙከራ ኢፖክሲ ስቀባ፣ ቅቤ የተቀባ ፀጉር ላይ እንደፈሰሰ ውሃ ነጠብጣብ እየሆነ ሸሸ። እንዳንልገው የኮምፔንሳቶ የላይኛው ልጣጭ ስስ ነው። የጎኖቹን ጠርዝ ቆርጠን በአዲስ ተካን። ሂሳቡ ከኔ ኪስ።

ቀኑ ሲያልቅብኝ ደግሞ እኔ ቸኮልኩ። በሱሉልታ ብርድ ኢፖክሲ ቶሎ አይደርቅም፤ ጥፍሬን ስጫነው ምልክት እየተወ ነበር። ዝም ብዬ ፖሊዩሪቴኑን ደረብኩበት፣ ብሎኑን አጠበቅኩ።

አሁን ሆዷ ሥር ካሉት ብሎኖች አንዱ ያንጠባጥባል። ያ የኔው ነው። የኋላ መቀመጫዋ ሥር ግን ሳናየው የቀረ አንድ ስንዝር ሲሊኮን አለ። ባለፈው ቢሾፍቱ ወርጄ በጣቴ ዳሰስኩት። ደረቅ ነው።

ጋሼ በየሳምንቱ "ጀልባችን እንዴት ናት?" ይሉኛል።

"ደህና ናት" እላለሁ።