ባለ 31 ኢንች ጎማ እና እኔ

አጎቴ ናዝሬት ጎሚስታ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የአይሱዙና የሲኖትራክ ጎማ ሲፈቱና ሲገጥሙ ኖረዋል። አምና ለአውሮፕላኔ ጎማ ስቀይር በቪዲዮ ደውዬ አሳየኋቸው።

«ስንት ነፋስ ትሞላዋለህ?»

«8 ጋሼ።»

«80 ነው?»

«አይ፣ 8።»

«እሱማ ተንፍሷል በለኛ!»

እውነታቸውን ነው። የዚህ ጎማ ጥበቡ ግማሽ ተንፍሶ መሥራቱ ላይ ነው። እኔ ግን ነገሩ በቅጡ የገባኝ ብዙ ዶላር ካወጣሁ በኋላ ነው።

የምኖረው አላስካ፣ አንኮሬጅ ነው። አውሮፕላኔ ፓይፐር ሱፐር ከብ ትባላለች። ከፊትና ከኋላ ሁለት ሰው ትይዛለች። አካሏ በጨርቅ የተሸፈነ ነው፤ ሞተሯ 150 የፈረስ ጉልበት አለው፤ ሦስተኛዋ ትንሽ ጎማ ጭራዋ ሥር ናት። እዚህ አገር መንገድ ብርቅ ነው። ዋና ከተማዋ ጁኖ እንኳ በመኪና አትገባም። ስለዚህ ለአደን ወይም ለዓሣ የሚወጣ ሰው ወንዝ ዳር ያለ ጠጠር ላይ ያርፋል። ጠጠር ስላችሁ ቡጢ የሚያክለውን ማለቴ ነው። ዱባ የሚያክልም አይጠፋም።

ስገዛት የነበራት ጎማ 8.50 የሚባለው ነው፤ ቁመቱ 22 ኢንች ገደማ። ለተደለደለ ሜዳ ምንም አይልም። አንድ ቀን ግን ክኒክ ወንዝ ዳር አርፌ ልቆም ስል የግራ ጎማዬ ሁለት ድንጋይ መሃል ገባ። ጭራዋ ብድግ፣ አፍንጫዋ ድፍት አለ። ለአፍታ በመስታወቱ የሚታየኝ ድንጋይ ብቻ ሆነ። ከዚያ ጭራዋ ድው ብሎ ተመለሰ። ወርጄ ፕሮፔለሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣቴ ዳሰስኩት። አልነካም። እጄ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

የዚያን ማታ ስልኬ ላይ የ35 ኢንች ጎማ ፎቶ ሳይ አመሸሁ።

መካኒኬ ሽማግሌ ነው፤ ወሬ አያበዛም። «35 ገጥምልኝ» ስለው «መዝገብህን አምጣ» አለኝ። ባለፈው ዓመት ያረፍኩባቸውን ቦታዎች አንድ በአንድ ቆጠርን። ከመቶ በላይ ነበሩ። አብዛኛው አስፋልትና የተደለደለ ጠጠር ሜዳ። እውነተኛ ድንጋይ ላይ ያረፍኩት 9 ጊዜ ብቻ። «26 ይበቃሃል» አለኝ። እኔ ደግሞ ከ35 ወደ 26 መውረድ ሽንፈት መሰለኝ። ገበያው ላይ 26፣ 29፣ 31 እና 35 አለ። 31 ላይ ተስማማን። ልክ እንደ መርካቶ ዋጋ፣ መሃል ላይ መገናኘታችን ነው እንጂ ሌላ ምክንያት አልነበረውም።

ጎማው ራሱ ግን ያስደንቃል። አላስካን ቡሽዊል ይባላል። ላስቲኩ ለስላሳ ነው፤ ካላማዳሪያ የለውም። የነፋስ መሙያው አፍ ደግሞ ቸርኬው ላይ ሳይሆን የጎማው ጎን ላይ ነው። ይህን ያሳየኋቸው ጊዜ አጎቴ ወዲያው ገባቸው። ነፋሱ ያነሰ ጎማ ፍሬን ሲያዝ ቸርኬው ላይ ይንሸራተታል። ካላማዳሪያ ቢኖረው አብሮ ይዞርና አፉ ይቆረጣል። እዚህ ግን አፉ ከጎማው ጋር አብሮ ስለሚሄድ ቢንሸራተትም አይጎዳም።

የወረቀቱን ሥራ መካኒኬ ጨረሰው። ፈቃድ ያለው ጎማ መሆን አለበት፣ አውሮፕላን ላይ የተደረገ ለውጥ የሚመዘገብበት ፎርም 337 ይሞላል፣ የክብደቱ ሒሳብ እንደገና ይሠራል። ሒሳቡ ላይ ነው መጀመሪያ የደነገጥኩት። ከ30 ፓውንድ በላይ ጨመረች። ይህ 5 ጋሎን ቤንዚን ማለት ነው፤ ለእኔ ግማሽ ሰዓት የሚያስበርር።

ሁለተኛው ድንጋጤ ፍሬኑ ነው። ከመነሳቴ በፊት ሞተሩን ስፈትሽ ሁለቱንም ፍሬን ረግጬ አውሮፕላኗ ቀስ እያለች ትሄዳለች! እጀታው የረዘመ መፍቻ ብሎኑን በቀላሉ እንደሚፈታው፣ የረዘመ ጎማም የድሮውን ፍሬን ያሸንፈዋል። ከ22 ወደ 31 ስሄድ ከፍሬኔ ጉልበት ከሩብ በላይ አጣሁ። ትልቅ ፍሬን መግዛት ግድ ሆነ። የጎማ ዋጋ ስትጠይቁ የፍሬኑንም አብራችሁ ጠይቁ፤ እኔ አልጠየቅኩም።

ፍጥነትም ቀነሰ። መሬት ላይ ስትቆም አፍንጫዋ ይበልጥ ወደ ሰማይ ስለሚያይ ከፊት ምንም አይታይም፤ እንደ እባብ እየተጠማዘዝኩ ነው የምነዳት። ፕሮፔለሩ ግን ከድንጋዩ ራቀ። ለዚያ ብቻ ብዙውን እታገሠዋለሁ።

ያልታገሥኩት አስፋልቱን ነው። ሜሪል ፊልድ የሚባለው የአንኮሬጅ አውሮፕላን ማረፊያ አስፋልት ላይ በ8 ነፋስ ሳርፍ ከረምኩ። ለስላሳ ላስቲክ በአስፋልት እንደ ላጲስ ነው የሚያልቀው። ነሐሴ ላይ አንዱ ጎን ተበልቶ ሳሳ። አሁን ሌክ ሁድ ያለው የጠጠር ሜዳ ላይ ማረፍ እመርጣለሁ፤ አስፋልት ግድ ከሆነም ነፋስ እጨምራለሁ። የመኪና መለኪያ ደግሞ እዚህ አይሠራም፤ እስከ 100 የሚቆጥር ነገር 8 ላይ መርፌው ንቅንቅ አይልም። ለዝቅተኛ ነፋስ የተሠራ መግዛት ያስፈልጋል። ማለዳ ሲቀዘቅዝም ነፋሱ ስለሚወርድ ከመነሳት በፊት መለካት ነው።

ትልቁ ጥፋቴ ግን ከጎማው አልነበረም። ጎማው ልብ ሰጠኝ። አንድ ቅዳሜ ከጓደኛዬ ጋር አጭር የጠጠር ደሴት ላይ አረፍን። ማረፉ እንደ ቅቤ። መነሳቱ ላይ ሁለት ሰው፣ ድንኳን፣ ዓሣ፣ ከዚያ ላይ ለመነሳት የሚያግዝ የፊት ለፊት ንፋስ የለም። በእግሬ ለካሁት፤ አይበቃም። ጎማው ድንጋይ ይውጣል እንጂ ሜዳ አያስረዝምም። እቃውን አስቀድሜ ወስጄ ረዘም ያለ ጠጠር ላይ አራገፍኩ። ጓደኛዬ የድብ መርጫውን ይዞ ለብቻው ቀረ። ስመለስ ሳያናግረኝ ገባ። አንኮሬጅ እስክንደርስ አንድ ቃል አልወጣውም።

ዘንድሮ 29 ገጠምኩ። ያው ቸርኬ ላይ ነው የሚገባው፤ ትልቁ ፍሬንም አሁን በደንብ ይይዛታል። ክኒክ ላይ እስካሁን አልቸገረኝም። 26 ይበቃኝ ነበር ወይ? ምናልባት። መካኒኬ ዝም ብሎ ገጠመልኝ፤ ፈገግታውን ግን አይቻለሁ።

የተበሉት 31ዎች ጋራዤ ጥግ ተቀምጠዋል። አጎቴ በደወሉ ቁጥር ይጠይቁኛል።

«አልጣልካቸውም አይደል?»

«አልጣልኩም ጋሼ።»

«ላካቸው። ለጋሪ ይሆናሉ።»