ከጠረጴዛው ወዲያ ያሉትም ይጠሩ

ስለ ተፈናቃዮችና ስደተኞች መብት የሚዘጋጁ የግንዛቤ ማስጨበጫ መድረኮች ላይ እገኛለሁ፤ ደብረ ማርቆስም ቻግኒም ተቀምጬ አዳምጫለሁ። አንድ ነገር በጣም ያሳስበኛል። ሁልጊዜ የሚጠራው ተፈናቃዩ ነው። እሱን የሚያስተናግዱት የቀበሌ ሠራተኛ፣ ርዕሰ መምህር፣ የባንክ ባለሙያና ቤት አከራይ ግን አይጠሩም።

ይህ ምን እንደሚያመጣ ልንገራችሁ። ከወለጋ ተፈናቅላ እኛ ከተማ ቤት ተከራይታ የምትኖር እናት የነዋሪነት መታወቂያ ለማውጣት ትሄዳለች። «ከነበርሽበት ቀበሌ መሸኛ አምጪ» ትባላለች። ከየት ታምጣ? ልጅ አዝላ በሌሊት ነፍሷን ያተረፈች ሴት መሸኛ ለማጻፍ ወደ ሸሸችበት ትመለስ?

ሕጉ እኮ ግልጽ ነው። ኢትዮጵያ የካምፓላ ስምምነትን፣ ማለትም በገዛ አገራቸው ውስጥ ለተፈናቀሉ ሰዎች ጥበቃ የሚሰጠውን የአፍሪካ ኅብረት ስምምነት፣ በአዋጅ ቁጥር 1187/2012 አጽድቃለች። የስምምነቱ አንቀጽ 13 ሰነድ የጠፋበት ተፈናቃይ ምትክ እንዲሰጠው ያዛል፤ ሰነዱን ለማግኘት ወደ ቀድሞ መኖሪያህ ተመለስ የሚል ቅድመ ሁኔታም ተገቢ እንዳልሆነ በስም ጠቅሶ አስቀምጧል። ሴቶች ደግሞ ሰነዱን በራሳቸው ስም የማግኘት እኩል መብት አላቸው፤ ባል ሞቶ ወይም የት እንደደረሰ ሳይታወቅ ብቻቸውን ለቀሩት ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ታዲያ ይህን ለእናቲቱ ብቻ ነግረን ስንሸኛት ወረፋ ላይ ቆማ ለኃላፊው አንቀጽ እንድትጠቅስለት እየጠበቅን ነው። ትፈራለች። ማንስ ቢሆን አይፈራም? እዚያው አዳራሽ ውስጥ የቀበሌው ሠራተኛ አብሯት ቢቀመጥና ጥያቄዋን በጆሮው ቢሰማ ነገሩ ግማሽ መንገድ ይሄድ ነበር። እሱም ቢሆን ብዙ ጊዜ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ የተሰጠው መመሪያ መሸኛ ይላል፣ ስለ ካምፓላ ደግሞ የነገረው የለም።

ድንበር ተሻግሮ ከሱዳን ወይም ከኤርትራ የመጣው ሰው ጉዳይ ሌላ ነው። እሱን የሚመለከተው የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ሲሆን የመሥራት፣ የመማር፣ የባንክ ሒሳብ የመክፈት መብትን ያካትታል፤ የሚመዘግበውም የስደተኞችና ተመላሾች አገልግሎት ነው። መድረክ ላይ ሁለቱ ሲደባለቁ ሰው የማይመለከተው ቢሮ ደጅ ሲጠና ይውላል።

ሰዓቱም ይታሰብበት። ጠዋት በሥራ ሰዓት አዳራሽ ውስጥ ስብሰባ ሲጠራ የሚመጣው በአብዛኛው ወንዱ ነው። ሴቷ የቀን ሥራ ላይ ናት። በ2013 ዓ.ም. ከመተከል የተፈናቀለው ወገናችን ቻግኒ ራንች መጠለያ በነበረበት ጊዜ፣ ሴቶቹ በስብሰባ ላይ አፋቸውን ያልከፈቱበትን ጉዳይ ቡና ላይ፣ ሴት ለሴት ሲሆኑ ነበር የሚያወሩት። መደፈርን ማን በአዳራሽ ያነሳል? ግን መታወቅ ያለበት ነገር አለ፤ ጥቃት የደረሰባት ሴት በ72 ሰዓት ውስጥ ሕክምና ከደረሰች ኤችአይቪን የሚከላከል መድኃኒት ይሰጣታል፤ በቶሎ በሄደች ቁጥር ደግሞ የተሻለ ነው። ይህ መረጃ ለሚቀጥለው ወር ስብሰባ የሚቆይ አይደለም፤ በየሰፈሩ ያሉት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ይንገሩልን።

ሌላም አለ። እርዳታ በነጻ ነው። ስም ለማስመዝገብ ብር ወይም «ውለታ» የሚጠይቅ ሰው ጥፋተኛ ነው፤ የማንም አክስት ልጅ ይሁን፣ የፈለገውን ባጅ ያንጠልጥል። ለተፈናቃዩ ይህንን ስትነግሩት የት እንደሚያመለክትም አብራችሁ ንገሩት፤ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ባሕር ዳር ጽሕፈት ቤት አለው፣ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤትም ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል።

የዕድር ዳኞች፣ የማኅበር ሙሴዎች፣ እናንተን ነው የምለምነው። በሚቀጥለው ስብሰባችሁ ላይ አንድ ሰዓት ስጡን። እኛ ሕጉን የሚያውቅ ሰው እናመጣለን፤ እናንተ ደግሞ የቀበሌውን ሊቀመንበርና በየግቢያችሁ የተከራዩትን ተፈናቃዮች ጥሩልን።