አይነሱ፣ አይነሱ!

ሽማግሌ በማክበር እኛን የሚያህል የለም። አንድ አዛውንት ከመቀመጫቸው ብድግ ሊሉ ሲሉ ቤቱ ይንጫጫል። «በሞቴ አይነሱ!» «ኧረ በማርያም!» «ወላሂ አይነሱም!» ጅማ ነውና ሁሉም በየእምነቱ ይምላል። ውሃው ይቀርብላቸዋል። ስልኩ ይቀርብላቸዋል። ጓሮ ሲወጡ እንኳ አንድ ልጅ ክንዳቸውን ይዞ ይከተላል። ደስ የሚል ባህል ነው፤ አልከራከርም። ፋርማሲ ውስጥ የሚውል ሰው ግን የዚህን አክብሮት ሌላ ጎን ያያል።

እኛ ጋ ደንበኛ የሚጠብቅበት ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ አለ። ከአንድ ግንድ የተጠረበ፣ ዝቅ ያለ፣ መቀመጫው ጎድጎድ ያለ። ሲያዩት ያምራል። ለአዛውንት ግን ፈተና ነው። አንዳንዶቹ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ተክለው፣ አንዴ ወደ ፊት አንዴ ወደ ኋላ ብለው ነው የሚነሱት። አንዳንዶቹ የኔን እጅ ይጠብቃሉ። ከዚያ የጉልበት ኪኒን ይጠይቁኛል። ሕመሙ እውነት ነው። ግን ከጉልበቱ በላይ ያለው የጭን ጡንቻም ከስቷል። ለሱ የምሸጠው ኪኒን የለኝም።

«እርጅና ነው» ብለን የምናልፈው ነገር ሐኪሞች ዘንድ መለኪያ አለው። እ.ኤ.አ. በ2001 በሊንዳ ፍሪድ የተመሩ የአሜሪካ ተመራማሪዎች አምስት ምልክቶች አስቀምጠዋል፦ ሳይፈልጉ መክሳት፣ ቶሎ መድከም፣ የእጅ ጭብጥ መላላት፣ የእርምጃ መዝገምና የእንቅስቃሴ ማነስ። ሦስቱና ከዚያ በላይ ያለበት ሰው አቅሙ እንደተዳከመ ይቆጠራል። አንድ ወይም ሁለት ያለበት መንገዱን ጀምሮታል። እማዬን በዚህ ዓይን ሳያት አልወደድኩትም። ቀሚሷ ሰፍቷታል። ቤተ ክርስቲያን ለመድረስ መንገድ ላይ ሁለቴ ታርፋለች። የዘይት ጀሪካን ክዳን ለኔ ታቀብለኛለች። አልታመመችም። ግን አንድ ጉንፋን ወይም አንድ መውደቅ አልጋ ላይ ሊያውላት ይችላል።

የሰፈራችን ልጅ ነርስ ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት በዕድሩ አዳራሽ አዛውንቶችን ሰብስባ ታስጨፍራለች። ማንም ግን ጭፈራ አይለውም። መጀመሪያ ላይ አንዲት እናት «በዚህ ዕድሜዬ አደባባይ ወጥቼ ልጨፍር?» ብለው ተቆጥተው ነበር አሉ። ስለዚህ «ስፖርት» ሆነ። ለስፖርት ማን ይቆጣል? እማዬ አሁን ነጠላዋን ወገቧ ላይ አደግድጋ፣ ኮንጎ ጫማዋን አጥልቃ ትወጣለች። ሸበጥ ክልክል ነው። ሸበጥ ተረከዝ አይይዝም፤ ሲዞሩበት ያንሸራትታል።

ዛሬ ሥራ ስላልነበረኝ አብሬያት ሄድኩ። የዕድሩ የፕላስቲክ ወንበሮች ክብ ተደርድረዋል። ጀርባቸው ከግድግዳው ጋር ተገጥሟል፣ እንዳይሸሹ። መጀመሪያ ቁጭ ብለው ትከሻ ብቻ። የሦስት ልጆች አያት እንደ ሙሽራ ሚዜ ትከሻቸውን ሲሰብቁት ብታዩ! ከዚያ ወንበሩን ይዞ መቆም። ከዚያ ሁለት እርምጃ ወደ ጎን፣ መመለስ፣ ግማሽ መዞር፣ መቀመጥ። ደግሞ መነሳት። ዘፈኑ ሲያልቅ ስንቴ ብድግ እንዳሉ አንዳቸውም አልቆጠሩም። ክሊኒክ ውስጥ «አሥር ጊዜ ተነሱ ተቀመጡ» ብትያቸው በሦስተኛው «በቃኝ ልጄ» ይሉሽ ነበር።

እኔ በበኩሌ ትከሻው ላይ ብዙ ተስፋ አልጥልም። እስክስታ ከወገብ በላይ ነው፤ ብዙዎቹ እግራቸውን ተክለው ነው የሚሰብቁት። ትከሻና አንገትን ያፍታታል፣ ልብ ያሞቃል። ከመውደቅ የሚያድነው ግን እግር ነው። ክብደትን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ማዛወር፣ ወደ ኋላ መራመድ፣ ሳይደናገሩ መዞር። ለዚህ ጉራጊኛው ይሻላል፤ ጉልበት ያነሳል። በሠርግ ፍጥነት ከሆነ ልብ ያደክማል፣ ነርሷ ግን ቀስ ያለ ዘፈን መርጣለታለች። የኦሮሞው ደግሞ ለወንዶቹ ተመችቷል። ዱላ ይዞ መጨፈር ያለ ነገር ስለሆነ ምርኩዝ የያዘ ሰው አያፍርም። በር ላይ ቆመው «እኔ ለማየት ነው» ሲሉ የነበሩ አንድ ጡረታ የወጡ ሻምበል በዱላው ጊዜ ሳይታወቃቸው መሀል ገብተው አገኘኋቸው።

የትኛው ዳንስ እንደሆነ ለውጥ አለው የምለው ዝም ብዬ አይደለም። ሲድኒ ውስጥ በ23 የአዛውንቶች መኖሪያ መንደሮች 530 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ተደርጎ ነበር። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ወጣ። ተራ የማኅበራዊ ዳንስ መውደቅን አልቀነሰም። ጄኔቫ ላይ ግን ዕድሜያቸው ከ65 በላይ የሆነና የመውደቅ ስጋት ያለባቸው 134 ሰዎች ተጠንተው ሌላ ነገር ታየ። እነሱ በሳምንት አንድ ሰዓት፣ ለስድስት ወር፣ ፒያኖው ምት በቀየረ ቁጥር እርምጃቸውን እየቀየሩ፣ በእጃቸውም ሌላ ነገር እየሠሩ ተንቀሳቀሱ። መውደቃቸው በግልጽ ቀነሰ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2011 ታትሟል። እኔ እንደገባኝ ጨዋታው ያለው ሁለት ነገር በአንዴ መሥራቱ ላይ ነው። አዛውንት የሚወድቀው ኮ መንገድ ላይ ሰው ሲጠራው ዞር ሲል ነው፣ ስልክ ሲጮህ ሲጣደፍ ነው።

የኛዋ ነርስ የጄኔቫውን ትወቅ አትወቅ አልጠየቅኳትም። ግን ዘፈኑን ድንገት ታቆመዋለች። «ወደ ኋላ!» ትላለች። ወይም እየተራመዱ የልጅ ልጆቻቸውን ስም ከትንሹ ጀምረው እንዲጠሩ ታደርጋለች። እማዬ አራተኛው ላይ እግሯ ቆመ። ስሙ ሲመጣላት እግሯም ሄደ። ሳቁ አዳራሹን ሞላው።

ስለ ማስታወስ ካነሳሁ አይቀር፣ ኒውዮርክ ብሮንክስ ውስጥ ከ75 ዓመት በላይ የሆኑ 469 ሰዎችን ተመራማሪዎች ለዓመታት ተከታትለው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ጥናት ከአካል እንቅስቃሴዎች ሁሉ አእምሮን ከሚያጠፋው የመርሳት በሽታ ስጋት ማነስ ጋር ተያይዞ የተገኘው ዳንስ ብቻ ነው ይላል። ደስ ይላል። ግን ምናልባት ጭንቅላታቸው ደህና የነበሩት ናቸው ሲጨፍሩ የቆዩት። ስለዚህ ለእማዬ «ይህ መርሳት ይከላከልልሻል» አላልኳትም።

ዘጠኝ ሰዓት የለመድነው ዝናብ ዛሬ ጠዋት መጣ። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ስፒከሩ ጭራሽ አይሰማም። ትንሽ ቆይቶ መብራትም ሄደ። አበቃ ስል እናቶቹ በጭብጨባ ቀጠሉ። አንዷ ባዶ ጀሪካን ገልብጠው ከበሮ አደረጉት። ምቱ እንደ ድካማቸው ቀዝቀዝ፣ ሞቅ ይላል። እውነቱን ለመናገር ከስፒከሩ ይሻል ነበር። በጾም ወራትም እንዲህ ነው የሚያደርጉት አሉ። ዐቢይ ጾም ሲገባ የኦርቶዶክስ እናቶች ዘፈን አንሰማም ይላሉ፤ ነርሷ «አንድ፣ ሁለት» እያለች ትቆጥርላቸዋለች። በረመዳን ደግሞ የሚጾሙት ቁጭ ብለው የሚሠራውን ብቻ ይሠራሉ። ሐዘን ካለ ወንበሩ ወደ ለቅሶ ቤት ይወጣል፣ ስፖርቱም ይቀራል። ዕድር ነዋ!

አንድ የሙያዬን ነገር ልጣል። የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ብድግ ሲል ሊያዞረው ይችላል፤ በተለይ ሽንት የሚያበዛው ዓይነት ሲሆን። ለእንቅልፍ የሚወሰዱ ኪኒኖችም ጠዋት ድረስ እግር ያንገዳግዳሉ። ስለዚህ ተቀምጦ እግር አወዛውዞ፣ ትንሽ ቆይቶ መነሳት ነው። የስኳር መርፌ የሚወጋ ሰው ባዶ ሆዱን አይምጣ። ደረቱን የሚያመው፣ በቅርቡ የወደቀ ወይም አጥንቱ የተሰበረ ሰው ሐኪም ሳያየው አይጀምር። መድኃኒቱን ግን «ያዞረኛል» ብሎ በራሱ እንዳያቆም። ይህን የምለው ብዙ ሰው ስለሚያቆም ነው። አዳራሽ ውስጥ ይህን ስናገር አንድ አባት የደረት ኪሳቸውን ከፍተው ስም የሌለው ኪኒን በብጣሽ ወረቀት ተጠቅልሎ አሳዩኝ። ጎረቤት የሰጣቸው ነው። የኔ ሥራ እዚያም አይቀርም።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ጡንቻውም ሚዛኑም አይደለም። እማዬ ዓርብ ማታ ቀሚሷን አጥባ ትሰቅላለች። ለሰው እንድትታይ ነው። ቅዳሜ የቀረች ካለች እሑድ ደውላ «ምን ሆነሽ ነው?» ትላለች። የደወሉላትም አሉ። ቤት ውስጥ ብቻዋን «እግርሽን አንቀሳቅሺ» ስላት የምትሰጠኝን መልስ አልጽፈውም።

አንድ ቀን ብቻ ግን አይበቃም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ አዛውንቶች ሚዛንንና ጉልበትን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ በሳምንት ሦስት ቀንና ከዚያ በላይ ይሥሩ ይላል። ይህን ለእማዬና ለጎረቤታችን ለእትዬ ነገርኳቸው። ማክሰኞ እኛ ግቢ ቡና ሲፈላ እንዲሠሩ ተስማሙ። ሲኒ የሚያቀብል ሰው የለም፤ የፈለገ ተነስቶ ይወስዳል። እማዬ ከበርጩማው ሳትደገፍ መነሳት ባትችልም አንድ እጅ ይበቃታል። ሦስተኛው ቀን ላይ ግን አልተግባቡም። እማዬ ሐሙስ ትላለች። እትዬ ደግሞ «ሐሙስ ገበያ ነው፤ ሂርማታ ደርሼ መምጣቴ ራሱ ስፖርት ነው» አሉ። ልክ ናቸው። ሲመለሱ የሚይዙት ባጃጅ ባይኖር።