የጥበቃው ጥያቄ

ባሕር ዳር ፊዚክስ አስተምራለሁ። ሚያዝያ መጨረሻ ላይ የሳይንስ ክበባችን የሰማይ ምሽት ነበረው። ገና ሁለተኛው ስላይድ ላይ መብራት ጠፋ። ምን ይደረጋል፣ ተማሪዎቹን ይዤ ሜዳ ወጣሁ።

ሐይቁን ከኋላችን አድርገን ወደ ደቡብ ዞርን። ባይኖኩላሩ እጅ በእጅ ዞረ። ኦሜጋ ሴንቶሪ ደብዘዝ ያለች ክብ ሆና ትታያለች፤ 17 ሺህ የብርሃን ዓመት ገደማ የራቀች፣ 10 ሚሊዮን ያህል ከዋክብት የታጨቁባት ሉላዊ ክምችት ናት። ጥበቃው ጋሼም ጋቢያቸውን ደርበው፣ ዱላቸውን ተደግፈው ያዳምጣሉ።

እንዲህ ባሉ ክምችቶች ውስጥ ያሉት ከዋክብት እጅግ ያረጁ ናቸው፤ ብዙዎቹ 12 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ሆኗቸዋል። ትልልቆቹ ድሮ አልቀዋል። አሁን ተራው የደረሰው የፀሐይን መጠነ ቁስ 0.8 ያህል ለያዙት ነው። እምብርታቸው ላይ ያለው ሃይድሮጅን ሲያልቅ አብጠው ቀይ ግዙፍ ይሆናሉ። የውጭው ንጣፍ ከእምብርቱ ስለሚርቅ ስበቱ ይላላበታል፤ እየተገፈፈ ይሄዳል። መጨረሻ ላይ የሚቀረው ነጭ ድንክ፣ ማለትም የተራቆተው እምብርት፣ በመጠነ ቁስ የፀሐይ ግማሽ ቢሆን ነው።

«መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አሉ ጋሼ። «የጣሉት የት ገባ?»

አንዱ ጎበዝ ቀደም ብሎ «ወደ ሕዋ ነዋ!» አለ።

«ሕዋማ ውስጥ ናቸው። ያ ሁሉ ኮከብ ሲጥል ኖሮ፣ እዚያው መከመር አልነበረበትም?»

ልጁ ዝም አለ። እኔ ደስ አለኝ፤ ተመራማሪዎችንም ለዓመታት ያስጨነቀ ጥያቄ ነውና። 47 ቱካኔ በምትባል ክምችት ውስጥ ጋዝ መኖሩ በ2001 እ.ኤ.አ. ታወቀ። ከጋዙ ወዲያ ማዶ ያሉት ፐልሳሮች፣ ማለትም በፍጥነት የሚሽከረከሩ የሞቱ ከዋክብት ቅሪቶች፣ የሚልኩት የሬዲዮ ምት ጋዙን ሲያቋርጥ ትንሽ ይዘገያል፤ መጠኑ የተሰላው ከዚያ ነው። የተገኘው ግን ከተጠበቀው እጅግ ያነሰ ነበር። አንዱ ማብራሪያ እንዲህ ይላል፦ ገና የተፈጠሩት ነጭ ድንኮች በጣም ስለሚግሉ፣ አልትራቫዮሌት ጨረራቸው ጋዙን አሙቆ ከክምችቱ ያስወጣዋል። ክምችቱ የጋላክሲያችንን የሚልኪ ዌይን ጠፍጣፋ ዲስክ ሲያቋርጥም የተረፈው ይወሰዳል።

«በሉ እንጂ! ግቢውን የሚጠርጉት ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ናቸዋ» ብለው ሳቁ።

ከዚያ ወዲህ ምሽቱን በስላይድ አልጀምርም። መጀመሪያ ያያሉ፣ ይጠይቃሉ፤ እኔ እከተላለሁ። መልስ ለመቅደም የሚቸኩለውን ልጅ እንኳ መጀመሪያ አንድ ጥያቄ አምጣ እለዋለሁ። ጋሼ ተረኛ ባይሆኑም ይመጣሉ። ሰሞኑን ስለኛዋ ፀሐይ ጠየቁኝ። ነዳጇ ሊያልቅ 5 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ይቀራታል አልኳቸው።

«ተመስገን፣ ጡረታዬ ይደርሳል» አሉ።