የሞተር ሳይክሌን ዋስትና በደብተርና በስሪንጅ ያስከበርኩበት መንገድ

«ማህተም ከሌለ ዋስትና የለም።» ይህን ያለኝ ሞተር ሳይክሌን የገዛሁበት ድርጅት ጥገና ክፍል መቀበያ ላይ የሚሠራ ወጣት ነው። የአገልግሎት መጽሐፌን ሁለት ገጽ ገልጦ፣ ሦስተኛውን ሳያይ ዘጋው። ወሩ ሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ነበር፤ ሞተሯ ከተገዛች ሰባት ወር አልሞላትም፤ ቆጣሪዋ 6,400 ኪሎ ሜትር ያሳያል። የዋስትና ውሉ ደግሞ 12 ወር ወይም 12,000 ኪሎ ሜትር፣ ከሁለቱ ቀድሞ እስከሚደርሰው፣ ይላል።

ሥራዬ የእንስሳት ጤና ነው። ከቱሉ ዲምቱ ማዶ፣ ገላን ውስጥ እኖራለሁ፤ በአሮጌው መንገድ እስከ ዱከምና ቢሾፍቱ እየተመላለስኩ ለዶሮ አርቢዎች ክትባትና መድኃኒት አደርሳለሁ። ሞተሯ 150 ሲሲ ናት፤ ታርጋዋ የኦሮሚያ ነው። ውሉ ሰርቪሱ በ750፣ በ3,000 እና በ6,000 ኪሎ ሜትር በሻጩ ጋራዥ ብቻ እንዲደረግ ያስገድዳል፤ ጋራዡ ያለው ግን አዲስ አበባ ውስጥ ነው። አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. በሞተር ሳይክል ላይ ገደብ ከጣለች ወዲህ ልዩ ፈቃድ የሌለው ሞተር ከተማዋ ውስጥ መንቀሳቀስ ስለማይችል፣ እኔም ፈቃዱ ስለሌለኝ፣ ለእያንዳንዱ ሰርቪስ ሞተሯን በፒክአፕ አስጭኜ መሄድ ነበረብኝ። የጭነቱ ዋጋ አንዳንዴ ከሰርቪሱ ይበልጣል። በ6,000 መደረግ የነበረበትን ሦስተኛ ሰርቪስ 400 ኪሎ ሜትር ያሳለፍኩት በዚህ ምክንያት ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ክርክሩ ሲነሳም አልካድኩትም።

ችግሩ የጀመረው 5,000 አካባቢ ነው። ዳገት ላይ ነዳጅ ስሰጣት ከማርሚታዋ፣ ከጭስ ማውጫዋ፣ ሰማያዊ ጭስ መውጣት ጀመረ። ጥቁር ጭስ የነዳጅ መብዛት ምልክት ነው፤ ጠዋት ብቅ ብሎ የሚጠፋ ነጭ ጭስ አብዛኛውን ጊዜ እርጥበት ነው፤ ሰማያዊው ግን የሞተር ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን ይናገራል። ወዲያው ለድርጅቱ ስልክ ደውዬ ነገርኳቸው። በሌላኛው ጫፍ ያለው ሰው «አዲስ ሞተር ትንሽ ዘይት ትበላለች፣ ትለምዳለች» አለኝ። «ትንሽ» የሚለውን ቃል በቁጥር ለመተካት የወሰንኩት ያን ቀን ነው።

ከሥራ ቦርሳዬ የ60 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ አወጣሁ። ማታ ሞተሯን በመሐል እግሯ ሲሚንቶ ላይ አቆማታለሁ፤ ጠዋት ሳላስነሳት፣ ዘይቱ ሙሉ በሙሉ ወደ ታች ወርዶ ሳለ፣ በዘይት ማያ መስታወቱ በኩል ደረጃውን አያለሁ፤ ከዚያ የላይኛው መስመር ላይ እስኪደርስ በስሪንጁ እየለካሁ እጨምራለሁ። ከ5,400 እስከ 5,900 ባለው 500 ኪሎ ሜትር ውስጥ 180 ሚሊ ሊትር ጨመርኩ። በቀጣዩ 500 ደግሞ 210። እያንዳንዱን ቀን፣ የቆጣሪውን ንባብና የጨመርኩትን መጠን የክትባት መርሐ ግብር በምጽፍበት ደብተር ጀርባ ላይ መዘገብኩ። መጠኑ እየጨመረ መሄዱ ከብዛቱ የባሰ አሳሰበኝ፤ «ትለምዳለች» የተባለው እውነት ቢሆን ኖሮ መቀነስ ነበረበት።

ሰፈራችን ውስጥ ረጅም ዘመን በጋራዥ ሥራ የኖሩ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው መካኒክ አሉ። ወስጄ አሳየኋቸው። ካንዴላውን ፈትተው በቦታው የግፊት መለኪያ ገጠሙ፤ ካንዴላ መፍታት ባለቤቱ ራሱ እንዲያደርገው መመሪያው የሚፈቅደው ሥራ ስለሆነ ዋስትናውን አይነካም። ነዳጁን እስከ መጨረሻው ከፍቼ ማስነሻውን ደጋግሜ ስረግጥ መለኪያው 110 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ) ላይ ቆመ። እኔ መመሪያው ላይ ካለው ቁጥር ጋር ላወዳድር ስል ጋሼ ከለከሉኝ፤ የእኛ አካባቢ ከፍታ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነና አየሩ ስለሚሳሳ፣ ጤነኛ ሞተርም እዚህ ከባሕር ጠለል አካባቢ ይልቅ ሩብ ያህል ዝቅ ብሎ ሊነበብ እንደሚችል ነገሩኝ። «ሞተሯን ከራሷ ጋር አወዳድራት» አሉና በካንዴላው ቀዳዳ አንድ የሾርባ ማንኪያ የማይሞላ ዘይት ጠብ አድርገው እንደገና አስረገጡኝ። 145 አነበበ። ዘይቱ የሚደፍነው በፋሻ (በፒስተኑ ዙሪያ ባሉት የብረት ቀለበቶች) እና በሲሊንደር መካከል ያለውን ክፍተት ነው፤ ስለዚህ ዘይት ሲጨመር ግፊቱ ከወጣ የሚያሳልፈው ፋሻው ወይም ሲሊንደሩ ነው፤ ካልወጣ ጥርጣሬው ወደ ቫልቭ ይሄዳል። ጭሱ በማስነሻ ሰዓት ሳይሆን ጭነት ሲበዛ መውጣቱም ይህንኑ ደገፈ።

«ታዲያ ይፍቱልኝና እንየው» ስላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ቴስታታውን፣ የሲሊንደሩን ክዳን፣ እኔ ከከፈትኩት ከነገ ጀምሮ ጥፋቱ የእኔና የአንተ ነው። ቡሎኑ ላይ የሌላ ሰው ቁልፍ ያረፈበት ምልክት ካዩ አለቀልህ፤ እነሱው ይፍቱት።» ከሁሉም የተቀበልኩት ትልቁ ምክር ይህ ነበር፤ የከፈልኳቸው ግን የሻይ ብቻ ነው፣ ከዚያ በላይ እምቢ ብለዋል።

ወደ ድርጅቱ ስሄድ ሁለት መከራከሪያ ቀረበብኝ። አንደኛው የ3,000 ሰርቪስ ገጽ ላይ ማህተም የለም የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው ሦስተኛውን ሰርቪስ በማሳለፌና በአቧራ መንገድ በመንዳቴ ሞተሯን ራሴ አበላሽቻታለሁ የሚል ነበር። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ምልልሶች በቁጣ አባከንኳቸው። ድምፄን ከፍ ባደረግኩ ቁጥር መቀበያው ላይ ያለው ልጅ ስለ ሞተሯ ማውራቱን ትቶ ስለ ጠባዬ ማውራት ይጀምራል፤ ፒክአፑ ደግሞ ውጭ ቆሞ ሒሳብ ይቆጥራል።

በሦስተኛው ቀን እቤት ቁጭ ብዬ ወረቀት ለቀምኩ። የ3,000ው ሰርቪስ በእነሱው ጋራዥ የተደረገ ነው፤ ያን ቀን ማህተሙን የያዘው ሠራተኛ ምሳ ወጥቶ ስለነበር «ሌላ ጊዜ ስትመጣ ይመታልሃል» ተብዬ ነበር የሄድኩት። የገንዘብ ደረሰኙ ግን ከሊብሬው ሽፋን ውስጥ ተጣጥፎ ተገኘ፤ የሻንሲ ቁጥሩ፣ ቀኑና የዘይትና የፊልትሮ ዋጋው ተጽፎበታል። ሁለተኛውን መከራከሪያ ያፈረሰልኝ ደብተሩ ነው። ዘይት መብላቷን በስልክ የነገርኳቸውና መለካት የጀመርኩት ከ6,000 በፊት ስለሆነ፣ ከዚያ በኋላ የዘገየ ሰርቪስ ከዚያ በፊት ለታየ ጉድለት ምክንያት ሊሆን አይችልም። የአቧራው ነገር ግን እውነት ለመናገር ግማሽ በግማሽ ነው፤ የአየር ማጣሪያውን አጽድቻለሁ፣ አቧራማ መንገድ የሚጠይቀውን ያህል ቶሎ ቶሎ ግን አላጸዳሁትም።

ከዚያ ደብዳቤ ጻፍኩ። አንድ ገጽ ብቻ ነበር፤ ስድብም ምሬትም አላስገባሁበትም። የተገዛበትን ቀን፣ ጉድለቱ የታየበትን ኪሎ ሜትር፣ የዘይቱን መጠንና የግፊቱን ሁለት ንባቦች ዘረዘርኩ፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ኃላፊ እንደሆነና ገዢም ጉድለቱን ሲያገኝ ሳይዘገይ ማሳወቅ እንዳለበት ጠቅሼ፣ እኔ የድርሻዬን እንደተወጣሁ አመለከትኩ። በመጨረሻም አንድ ነገር ጠየቅኩ፦ ሞተሯ እኔ ባለሁበት ተፈትታ እንድትታይ፤ ይህ ካልሆነም የተከለከልኩበት ምክንያት በጽሑፍ እንዲሰጠኝ፣ ይዤው ወደ ንግድ ቢሮ የሸማቾች ጥበቃ ክፍል ለመሄድ። በሁለት ኮፒ አዘጋጅቼ አንዱን ለጸሐፊዋ ሰጠሁ፤ በሌላው ላይ «ገቢ» የሚል ማህተም ከቀንና ከቁጥር ጋር አስመታሁ። በቃል «አይሆንም» ማለት ለማንም ቀላል ነው፤ ያንኑ ፈርሞ መስጠት ግን ሥራ አስኪያጁንም ያሳስበዋል።

ከስምንት ቀን በኋላ ሥራ አስኪያጁ ራሳቸው ደወሉ። «እርስዎ ባሉበት እንፈታዋለን» አሉኝ። ቴስታታው ሲነሳና ሲሊንደሩ ሲወጣ የውስጥ ግድግዳው ላይ ከላይ ወደ ታች የወረዱ ጭረቶች በዓይን ይታያሉ፤ ጥፍሬን ሳሳልፍበት ያዘኝ። ዋናው መካኒክ ፋሻውን ሲሊንደሩ ውስጥ አስገብቶ ጫፎቹ መካከል ያለውን ክፍተት በስስ የብረት መለኪያ ለካ፤ ቁጥሩን ጮክ ብሎ አልተናገረም፣ ለሥራ አስኪያጁ ብቻ አሳያቸው።

ሲሊንደሩን፣ ፒስተኑንና ፋሻውን ከነእጅ ዋጋው በዋስትና ቀየሩ። ዘይቱን፣ ፊልትሮውንና ያሳለፍኩትን ሰርቪስ እኔ ከፈልኩ፤ እነዚህ በአገልግሎት የሚያልቁ ነገሮች ስለሆኑ ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ፣ እዚህ ላይ የሚከራከር ሰው ዋናውን ጉዳይ ያዳክማል። የጭነቱን ወጪ ጠይቄ እምቢ አሉኝ፤ ተውኩት። የወለቁትን ዕቃዎች እንዳይሰጡኝ አስመጪው ይፈልጋቸዋል አሉ፤ ፎቶ አንስቼ ተቀበልኩት። ለአዲሶቹ ዕቃዎች የሦስት ወር ዋስትና እንዲጻፍልኝ ስጠይቅ ግን መካኒኩ መጽሐፌ ላይ በእጁ ጻፈልኝ።

ሞተሯ ፒክአፑ ላይ ተጭና ሾፌሩ ክላክስ ሲያደርግ መጽሐፉን ገልጬ አየሁ፤ ጽሑፉ አለ፣ ማህተሙ የለም። መቀበያው ላይ ያለው ልጅ ማህተሙን የያዘው ሰው ምሳ ወጥቷል አለኝ። ለሾፌሩ የመቆያ ሒሳብ ጨምሬለት፣ ወንበር ስቤ አንድ ሰዓት ተኩል ጠበቅኩት።